የዚያ ረቡዕ መርፌ

ይህን ነገር ለብዙ ዓመት ለሰው ሳልናገር ኖሬያለሁ። ለባለቤቴ እንኳ የነገርኩት እየቆራረስኩ ነው። ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የምሰስተው ሹመትም የለኝም። እናንተ ደግሞ አታውቁኝም። ለማያውቁት ሰው መናገር ሳይቀል አይቀርም፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቡልጋሪያ ሕክምና ተምሬ ከተመለስኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ቦሌ፣ ከኤርፖርቱ ብዙ በማይርቅ ባለሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከባለቤቴና ከአራት ወር ሴት ልጄ ጋር እኖር ነበር። ሥራዬ ምርምር ነው። የማጠናው ሰዉ «የወፍ በሽታ» የሚለውን፣ ዓይንን ቢጫ አድርጎ ጉበትን የሚበላውን ሕመም ነበር። በተለይ በደም የሚተላለፈውን ቫይረስ። ክትባቱ በሠለጠነው ዓለም ገና ብቅ ማለቱ ነው፤ እኛ ዘንድ ወሬው እንጂ ጠርሙሱ አልደረሰም።

እውነቱን ለመናገር ከሰው ጋር ብዙ አልገናኝም ነበር። ደም በብልቃጥ ይመጣልኛል፣ ብልቃጡ ላይ ቁጥር አለ፣ ውጤቱን ከቁጥሩ አጠገብ እጽፋለሁ። ከቁጥሩ ጀርባ ማን እንዳለ ጠይቄ አላውቅም። በዚህም እኮራ ነበር፤ ሳይንስ ማለት ይህ ነው እል ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ጌታሁን አስጠሩኝ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ናቸው። የቀጠሩኝም የምርምር ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው ነበሩ።

«ትርሲት፣ ቁጭ በዪ» አሉኝ። «ገርጂ አካባቢ አንድ ክሊኒክ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም እናት ልጇን ለክትባት አላመጣችም። ‹ክትባቱ የወፍ በሽታ ያስይዛል› የሚል ወሬ ተነሥቷል። ወሬውን አስነሥታለች የተባለችውን ሴት ቀበሌው አስሯታል። እሑድ የነዋሪዎች ስብሰባ አለ። ሄደሽ አጣርተሽ፣ ክትባቱ ንጹሕ መሆኑን በጽሑፍ አንብቢላቸው።»

«እንዴት በክትባት የወፍ በሽታ ይያዛሉ? የማይመስል ነገር እኮ ነው።»

«ለዚህ ነው አንቺን የምልክሽ» አሉ።

የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ወሰደኝ። ያኔ ገርጂ ዛሬ የምታውቁት ገርጂ አልነበረም። መንገዱ አቧራ፣ ግራ ቀኙ የጤፍ ማሳ፣ አልፎ አልፎ የጭቃ ቤት። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ሲሆን ግድግዳው በኖራ ተለስኗል። ሲስተር ወይንሸት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሃምሳውን ያለፉ፣ ጋውናቸው ከመታጠብ ብዛት የሳሳ፣ ጫማቸው ግን እንደ ወተት የነጣ ሴት ነበሩ። ለአሥራ አንድ ዓመት የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያዋለዱትና የከተቡት እሳቸው ናቸው።

«እንኳን መጣሽ ልጄ። እስቲ እዪው» አሉና ባዶውን አግዳሚ ወንበር አሳዩኝ። «ረቡዕ ረቡዕ እዚህ መቀመጫ አይገኝም ነበር። አሁን ዝንብ ብቻ።»

መዝገቡን አየሁ፤ ጽሕፈቱ የሚያስቀና ነው። ማቀዝቀዣውን አየሁ፤ ክትባቱ በደንብ ተቀምጧል። የሚፈላበት ድስት፣ የመስታወት ስሪንጆች፣ መርፌዎች፣ ሁሉም በነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድሯል። ያን ጊዜ ዛሬ እንዳለው አንዴ ተወግቶበት የሚጣል ስሪንጅ አናውቅም ነበር። ስሪንጁ እየተቀቀለ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል።

ምንም ነውር አጣሁ። ወረቀቱን እዚያው ልጽፈው አሰብኩ። ግን «አጣሪ» ተብያለሁና የታሰረችውን ሴት ሳላይ መመለስ አላስቻለኝም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሽፈራው ወደ አንድ መጋዘን ወሰደኝ። የስኳር ጆንያ ከተቆለለበት ጥግ፣ ካርቶን ላይ አንዲት ሴት ሕፃን እያጠባች ተቀምጣለች። ዘነበች ትባላለች። ሾላ ገበያ ጎመንና ቃሪያ ትሸጣለች። የእኔ እኩያ ናት።

«ዶክተሯ ናቸው። የምታወሪውን መርዝ ለሳቸው ንገሪያቸው» ብሎ ሊቀመንበሩ ወጣ።

«እኔ ክትባቱ መርዝ ነው አላልኩም፣ እመቤቴ» አለችኝ ቀና ሳትል። «እርስዎም እንደሱ ሊቆጡኝ ከሆነ ይተዉኝ።»

«አንቺ በዪኝ። እኩዮች ነን። ምንድን ነው ያልሽው?»

ሕፃኑን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረችው።

«እኅቴ ሞተችብኝ። አስካለ። የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች። ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቷ ጠቆረ፣ በአሥራ ሁለት ቀን ሄደች። ለቅሶ ላይ የጎረቤቴ ዓይንም ቢጫ ሆኖ አየሁ። ከዚያ የማዶዋ። ምን በልተው ነው ብዬ ጠየቅሁ፤ አንድ ላይ የበሉት የለም። ውኃቸውም ለየብቻ ነው። በኋላ የእኅቴን ዕቃ ስሰበስብ የክትባት ካርዷን አገኘሁ። የሌሎቹንም ለመንኩና አየሁ። መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ፣ ቁጥርና ቀን ማንበብ አያቅተኝም።»

«እና ምን አየሽ?»

«ሁሉም የተወጉት በአንድ ቀን ነው። ከፍልሰታ በፊት በነበረው ረቡዕ። እኔ ልጄን ያስወጋሁት በሳምንቱ ነው፤ ይኸው ደኅና ነው። ክትባቱ ቢሆን እሱስ አይታመምም ነበር? ያልኩት ይህን ነው፤ ‹ያን ቀን ምን ነበር?› ነው ያልኩት። ‹ያን ቀን› የሚለውን ትተው ‹ክትባቱ› የሚለውን ብቻ አወሩት።»

ለአምስት ዓመት የተማርኩትን የወረርሽኝ ጥናት ይህች ሴት በጎመን መደብ ላይ ተቀምጣ ሠርታዋለች። ቫይረሱ በደም ከገባ በኋላ ሕመሙ እስኪታይ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። ከፍልሰታ በፊት ከነበረው ረቡዕ እስከዚያ ቀን ደግሞ ልክ ሦስት ወር ሆኖታል።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ቤት ለቤት ዞርኩ። ቢጫ የሆኑ ሰባት ሰዎች አገኘሁ፤ አምስቱ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የተወጉ እናቶች፣ ሁለቱ ሕፃናት። ከሁሉም ደም ወሰድኩ። በሌላ ቀን ከተወጉትም ወሰድኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብልቃጥ ላይ ከቁጥሩ ሥር ስም ጻፍኩ፤ ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ውጤቱ ደረሰ። የቢጫዎቹ ሁሉ ደም ውስጥ ቫይረሱ አለ። በሌላ ቀን የተወጉት ንጹሕ ናቸው።

በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ሲስተር ወይንሸት መስኮት ሲወለውሉ ደረስኩ። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

«ሲስተር፣ ከፍልሰታ በፊት የነበረው ረቡዕ ትዝ ይልዎታል?»

ጨርቁን መስኮቱ ላይ ተዉትና አጠገቤ ተቀመጡ። ሳይደብቁ፣ ሳይዘገዩ ነገሩኝ፤ የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ የኖሩ ይመስላሉ።

«ነጭ ጋዝ ካለቀ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ለቀበሌው ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ያን ቀን ሰዉ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ግቢው ሞላ። ከኮተቤ ማዶ ሕፃን አዝላ በእግሯ የመጣች ነበረች። ጠዋት ከጎረቤት በተበደርኳት ጋዝ አንድ ጊዜ ቀቀልኩ። አሥር ስሪንጅ ነው ያለኝ። አሥሩ ሲያልቅ...» እጃቸውን አዩ። «መርፌውን እየቀየርኩ ስሪንጁን በአልኮል አጠብኩት። ይበቃዋል ብዬ ነው።»

«አይበቃውም» አልኩ በቀስታ።

«አሁን ገባኝ። አስካለን እኔ ነኝ የወጋኋት። አርግዛ ስትመጣ ደስ ብሎኝ ስሜያታለሁ።» ዓይናቸው ደረቅ ነበር። «ምን ልታደርጊ ነው ልጄ?»

«አላውቅም» አልኳቸው፤ በእርግጥም አላውቅም ነበር። ያ ዘመን ስሕተት የሚባል ነገር አልነበረውም። ስሕተት ሁሉ «አሻጥር» ነበር፤ ለአሻጥር ደግሞ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን።

ዶክተር ጌታሁን ቢሯቸው እየጠበቁኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ክትባቱ ንጹሕ ነው?»

«ክትባቱማ ንጹሕ ነው።»

«እንግዲያው ይህንኑ ጻፊ። ውሸት አይደለም።»

«ስሪንጁስ?»

«ስሪንጁን ነገ በስብሰባ ብትናገሪ ወሬው ከገርጂ አይቆምም። ከተማው ሁሉ ይሰማል። ልጇን ከኩፍኝ ልታድን የምትመጣ እናት ትቀራለች። በኩፍኝ የሚሞተውን ልጅ ብዛት ደግሞ አንቺም እኔም እናውቃለን። ነርሷንም ያስሯታል፣ ምናልባት ከዚያም የከፋ። ለክሊኒኮች ጋዝ እንዲላክ እኔ ውስጥ ለውስጥ አስጨርሳለሁ። ሁሉንም አስቢው።»

የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ክፋቱ እሱ ነው። ዘነበች ግን ትዝ አለችኝ። «የታሰረችውስ?» አልኩ። «ይቅርታ ትጠይቅና ትፈታለች» አሉኝ። ጻፍኩ። አምስት መስመር ብቻ ነበር።

ከቢሯቸው ስወጣ አንድ ነገር ታሰበኝ። ትልልቆቹ ቢጫ ሆነው ታወቁ። ሕፃን ልጅ ግን ይህ ቫይረስ ሲገባበት ብዙ ጊዜ ምንም አይታይበትም። ይስቃል፣ ይድኻል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ቫይረሱም አብሮት ያድግና ጎልማሳ ሲሆን ጉበቱን ይበላዋል። ያን ረቡዕ የተወጉ ሕፃናት ስም መዝገቡ ውስጥ አለ። ዝም ካልኩ ማን ይፈልጋቸዋል?

ቢሆንም እሑድ ጠዋት ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከስብሰባ የቀረ ስኳርና ዘይት ስለሚከለከል ሁሉም መጥቷል። ግራ እጃችንን አንሥተን መፈክር አሰማን። ዘነበችን አምጥተው ፊት ለፊት አቆሟት፤ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ሲስተር ወይንሸት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ተነሣሁና አነበብኩ። ክትባቱ ተመርምሯል፤ ንጹሕ ነው፤ እናቶች ልጆቻችሁን አምጡ።

«ሰማችሁ!» አለ ጓድ ሽፈራው። «የፀረ አብዮቶች ወሬ በሳይንስ ተጋልጧል! አንቺ፣ ሕዝቡን ይቅርታ ጠይቂ።»

ዘነበች ወደ ሕዝቡ አልዞረችም። ወደ እኔ ዞረች።

«ዶክተር፣ ልጅ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት።»

«ያን ረቡዕ እዚያ ወረፋ ላይ ብትሆኚ፣ አሁን የምታውቂውን እያወቅሽ፣ ልጅሽን ታስወጊ ነበር?»

ሊቀመንበሩ «ጥያቄ የለም!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። እሷ ግን ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም። ጡቴ ወተት አግቷል፤ ልጄን የማጠባበት ሰዓት ነበር። «አዎን» ብል ነገሩ ሁሉ እዚያው በሰላም ያልቅ ነበር።

«አላስወጋትም» አልኩ።

ከዚያ የቀረው ራሱ ወጣ። ክትባቱ ንጹሕ እንደሆነ፣ ስሪንጁ ግን በሚገባ እንዳልተቀቀለ፣ ነጭ ጋዝ እንዳልነበረ፣ ዘነበች የተናገረችው ሁሉ ልክ እንደሆነ ተናገርኩ። ያን ረቡዕ የተወጋ ሕፃን ሁሉ ደኅና ቢመስልም ለምርመራ እንዲመጣ ለመንኩ።

ጩኸት ተነሣ። አንዱ «ገደሉን!» ይላል፣ አንዷ ታለቅሳለች። ጓድ ሽፈራው ፊቱ ጠቁሮ «ይህ አሻጥር ነው! ማን ነው ያደረገው?» እያለ ይጮኻል፤ ማን እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል።

ሲስተር ወይንሸት ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ጋዝ እንዲሰጠኝ ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ነበር፤ የቀበሌው ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ እጄ ላይ አለ። ግን በሱ ላመካኝ አልፈልግም። ‹ዛሬ አልወጋም፣ ሂዱ› ብዬ ማሰናበት እችል ነበር። የደከሙ እናቶችን መመለስ አሳዘነኝ። ዘነበች፣ እኅትሽን በእጄ ነው። ይቅር በዪኝ።»

ዘነበች ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ሊቀመንበሩ አዙረው ቆሙ። ማኅተም የሚለውን ቃል ሰምቶ ነበርና ሊቀመንበሩ ስብሰባውን በጥድፊያ ዘጋው።

ሕዝቡ ዘነበች ሳትፈታ ከግቢው አልወጣም ስላለ ያንኑ ዕለት ተፈታች። ሲስተርን ሰኞ ወሰዷቸው። ሁለት ወር ያህል ታሰሩ። እናቶች ተፈራርመው፣ መጻፍ የማይችሉት በጣታቸው አትመው፣ ይፈቱልን ብለው ለመኑ፤ ፊርማውን እየዞረች ያሰባሰበችው ዘነበች ነበረች። ሲፈቱ ግን ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር ተዛወሩ። እኔን ግለ ሒስ አስጻፉኝ፤ ለተጨማሪ ትምህርት ልሄድበት የነበረው ዕድል ተሰረዘ። ዶክተር ጌታሁን ለረጅም ጊዜ በሰላምታ ብቻ አለፉኝ። በኋላ ግን ለየክሊኒኩ ነጭ ጋዝና ትርፍ ስሪንጅ እንዲደርስ ደጋግመው የጻፉት እሳቸው መሆናቸውን ሰማሁ።

የፈሩት ነገር አልደረሰም። ክሊኒኩ በአዲስ ነርስ በተከፈተበት ረቡዕ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ማንም አይመጣም ብዬ ነበር። ግቢው ሞልቶ አገኘሁት። እያንዳንዷ እናት ልጇን አዝላ በጣሳ ከሰል ይዛለች። ዘነበች ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ድስቱን ትጠብቃለች።

«ፈላ?» ይሏታል ከወረፋው።

«ገና ነው፤ ይንተክተክ» ትላለች።

ልጄ በወረፋዋ ተወጋች። አለቀሰችም።

የዚያን ረቡዕ ሕፃናት አስመረመርን። ከመካከላቸው ምንም ምልክት ያልታየባቸው፣ ቫይረሱን ግን የተሸከሙ አራት ልጆች አገኘን። እስኪያድጉ ተከታተልኳቸው። ሦስቱ ዛሬ የልጆች አባትና እናት ናቸው። አንዱን በሠላሳ አራት ዓመቱ ቀበርነው። የቀረው የሥራ ዘመኔ በዚህ አለፈ፤ መርፌ እንዴት እንደሚወጋ፣ ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው በምን እንደሚሄድ፣ ለሕፃናት ክትባቱ እንዴት እንደሚደርስ። ዛሬ ልጆቻችሁ በተወለዱ በሳምንታት ውስጥ ያንን ክትባት ያገኛሉ፤ ስሪንጁም ፊታችሁ ከላስቲኩ ወጥቶ፣ አንዴ ተወግቶበት ይጣላል። ሲከፈት እዩት። ማየት መብታችሁ ነው፤ ነርሷንም አያስቀይማትም።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ የጻፍኩትም ለሱ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ለሥልጠና ወደ አንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ሄጄ ነበር። ሲስተር ወይንሸት እዚያ ጡረታ ወጥተው እንደሚኖሩ ሰምቼ ቤታቸው ሄድኩ። አርጅተዋል። በደስታ ተቀበሉኝ፤ ምሳ አቀረቡልኝ፤ ስለ ልጄ ጠየቁኝ። «ዶክተር» እያሉ ነው። «ልጄ» አላሉኝም። አላስቻለኝምና ጠየቅኋቸው።

«ሲስተር፣ አዝነውብኛል? እውነቱን ስለተናገርኩ?»

«እውነቱን በመናገርሽማ አላዘንኩም» አሉ። «ያን እሑድ እኔም ጥፋቴን ጽፌ ይዤ ነበር። ሌሊቱን ስጽፍ አድሬ፣ ወረቀቱ በጉያዬ ነበር። አንቺ ስታነቢ ‹እሷ ትጨርስና እነሣለሁ› ብዬ እግሬን እያደፋፈርኩ ነበር። ቅዳሜ ሁሉንም ስነግርሽ ‹አላውቅም› ብለሽኝ ሄድሽ። ምነው ተመልሰሽ ‹እርስዎ ይናገሩት› ብትዪኝ? የኔ ነበር እኮ። እኔ ቀድሜ ብናገረው ኖሮ፣ ለዘነበች ተጋልጬ ሳይሆን ወድጄ የነገርኳት ይሆን ነበር።»

ይህ ጥያቄያቸው እስከ ዛሬ አብሮኝ ይኖራል።

ስለ ድፍረቴ የሰሙ ጥቂት ሰዎች ያመሰግኑኛል። እኔ ግን ያን ቅዳሜ ከሲስተር ክሊኒክ ወደ አለቃዬ ቢሮ የሄድኩበትን መንገድ ነው የማስበው። ያንን እውነት ከዘነበች፣ ከሕሙማኑ፣ ከሲስተር ሰብስቤ ወሰድኩና ምን እንደሚደረግበት ከአለቃዬ ጋር ብቻ መከርኩ። ከዚያ ወዲህ በጥናቴ የአንድን ሰው ስሕተት ባገኘሁ ቁጥር ሪፖርት ከመጻፌ በፊት ወደዚያ ሰው እሄዳለሁ። ያገኘሁትን አሳየዋለሁ፤ ሦስት ቀን እሰጠዋለሁ። እናገራለሁ፣ አልደብቅም፤ ግን መጀመሪያ አንተ ተናገረው እለዋለሁ። አንዳንዱ በሦስቱ ቀን ሰነድ አጥፍቶብኛል። አንዳንዱ ጠልቶኛል። አብዛኛው ግን፣ ብታምኑኝ፣ በሦስተኛው ቀን ራሱ ተነሥቶ ተናግሯል።